የውሃ ቤት ስም እንዴት ወደቀ፣ እንዴትስ ተነሣ

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ማሳመር አያቅተኝም። ይህን ግን እንዳለ ላወራው ነው የተነሣሁት። አገሩን በስም አልጠራም። የአገሩ ሰው ሲሰማው ያውቀዋል፤ የሌላ አገር ሰው ደግሞ ስሙን ቢያውቅ የሚጨምርለት ነገር የለም።

በላይኛው ደጋ አንድ ትልቅ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ በግንብ ታስሯል። ግንቡን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የውሃ ቤት ይባላል። እኔ የዚያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ክረምት ሲበረታ ሐይቁ ይሞላል፤ ሲሞላ ግንቡ እንዳይፈርስ መዝጊያው ይከፈትና ውሃው በወንዙ ቁልቁል ይለቀቃል። በወንዙ ዳር ስድስት ከተሞች አሉ። የቤታችን ሕግ አጭር ነው፤ ውሃ ከመለቀቁ ከአምስት ቀን በፊት ለየአባወራው ደብዳቤ ይጻፍ ይላል። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ልጁንና ከብቱን ይዞ ዳገት ይወጣል፤ ውሃው ሲያልፍ ይመለሳል። ሰዉ እንዲህ እያደረገ ብዙ ዘመን ኖሯል።

በአገራችን ደብዳቤ የማይጽፍ የለም። ነጋዴው ይጽፋል፣ ጠንቋዩ ይጽፋል፣ ራሰ በራ ላይ ጸጉር የሚያበቅል ቅባት አለኝ የሚለው ይጽፋል፤ ሩቅ አገር የሞተ ሀብታም አጎት አለህ፣ ውርስህን ልላክልህ የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይጽፋል። ሰዉ በደብዳቤ ሲታፈን ከተሞቹ መክረው በየበራቸው አበጣሪ አስቀመጡ። አበጣሪ ደብዳቤ አይከፍትም፤ የሚያየው ማኅተሙን ነው። የእያንዳንዱ ማኅተም ስም በሰሌዳ ተጽፎ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ስሙ ምርት የተባለ ማኅተም ደብዳቤው በዚያው ቀን ለየቤቱ ይታደላል። ግርድ የተባለ ሳምንት ይከርማል። ገለባ የተባለ ከበሩ ጀርባ ባለው የእንክርዳድ ጎተራ ይጣላል። ጎተራው አይቆለፍም። ማንም ሰው ገብቶ የራሱን ደብዳቤ ፈልጎ መውሰድ ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ገብቶ የፈለገ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። መኖሩን የሚያውቀውም ጥቂት ነው።

ስም የሚወድቅበት መንገድ ብዙ ነው። ለሞተ ሰው የጻፈ ይወድቃል። ደብዳቤው ሳይከፈት የሚቀርበት ይወድቃል። ለባዶ ቤት የጻፈም ይወድቃል፤ በየከተማው ማንም ኖሮበት የማያውቅ፣ የፈጠራ ስም የተሰጠው አንድ ቤት አለና፣ ለዚያ ቤት የጻፈ ሰው ስም ከገበያ ገዝቶ እንደሚጽፍ ይታወቅበታል። ከሁሉ የከፋው ግን ባለቤቱ ራሱ ደብዳቤውን ይዞ ወደ በሩ ሲመጣና «አልፈለግሁም» ብሎ ሲመልስ ነው። አንድ «አልፈለግሁም» ሃምሳ መልካም ደብዳቤ ይበላል።

የውሃ ቤት ስም ገለባ የሆነው በሹም ልጥይበሉ ዘመን ነው። ሹም ልጥይበሉ ክፉ ሰው አልነበሩም። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ ለቤቱ ክብር አነሰ ብለው ያምኑ ነበር፤ ይኸው ነው። መጀመሪያ የግንቡን ቁመት የሚገልጽ ደብዳቤ አስጻፉ። ቀጥሎ ስለ ሐይቁ ዓሦች አስጻፉ። ጉንፋን ይዟቸው የዳኑ ጊዜ ደግሞ መዳናቸውን የሚያበስር ደብዳቤ ወጣ። ሰዉ እንዲከፍተው ብለው በሁሉም ላይ «አስቸኳይ» የሚል ቃል በቀይ ቀለም አስጻፉ። የምናውቃቸው ሰዎች አልበቃ ሲሏቸው ከስም ነጋዴ ስም በቁና ገዙ። ነጋዴውም ቁናው እንዲሞላለት ሙታንን ከሕያዋን እየቀላቀለ ሰፈረላቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ በስድስቱም በር ስማችን ገለባ ተባለ። በዚያው ክረምት ውሃ ሲለቀቅ ማንም አልሰማምና፣ አሥራ አንድ በሬና አንድ ወፍጮ ቤት ተወሰደ። ሰው አልሞተም። የከተሞቹ ሽማግሌዎች መጥተው ሹሙን ስለ ወቀሱ፣ የቤቱን ስም እንድታነሣ አትጠገብ የምትባል ሴት ተቀጠረች።

አትጠገብ በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። አጭር፣ ንግግሯ ዝግ ያለ፣ ወረቀት ስትቀበል መጀመሪያ በአውራ ጣቷ የምትደባብስ ሴት ነበረች። ከስድስቱ በሮች በአንዱ አሥራ አንድ ዓመት አበጣሪ ሆና ሠርታለች። ባሏ ሲሞት፣ የሚጽፉለት ሁሉ መጻፋቸውን አላቋረጡም ነበርና፣ የገዛ ባሏን ደብዳቤ በየቀኑ ወደ ጎተራ መጣል ስላቃታት ሥራውን ተወች። ይህን የነገረችኝ ቆይታ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጠየቀችኝ ዝርዝሩን ብቻ ነው። አርባ ሺህ ስም ያለበትን አራት ጥራዝ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩላት።

«ከእነዚህ ውስጥ የምታውቀው ስንቱን ነው?» አለችኝ።

«ማንንም አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ብለህ ነው የምትጽፍላቸው?»

መልሴን ሳትጠብቅ መቃ ብዕሯን ነክራ መሰረዝ ጀመረች።

ሁለት ወር ሙሉ ሰረዘች። ሙታንን ሰረዘች፣ ባዶ ቤቶችን ሰረዘች፣ ዓመት ሙሉ ከፍተው የማያውቁትን ሰረዘች። አርባ ሺህ የነበረው ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሆነ። ሹም ልጥይበሉ ሠላሳ አራት ሺህ ሰው የሞተባቸው ያህል ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። «ሕዝቤን ፈጀሽው» አሏት። እሷ ግን ቀጠለች። የተገኘ ባለ በቅሎ ሁሉ ደብዳቤያችንን ይጭን የነበረውን አስቀርታ አራት ሰዎች መረጠች፤ ስማቸውንና መልካቸውን ለየበሩ አሳወቀችና «ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ የያዘው የእኛ አይደለም» አለች። የድሮውን ማኅተም አስቀልጣ፣ የምስጢር ምልክት ያለበት አዲስ አስቀረጸች። ቀይ ቀለሙን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በበቅሎ ወደ ስድስቱ ከተሞች ወረደች።

ከስድስቱ የሚበልጠው የሸክላ ከተማ ነው። ከግንቡ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። የበሩ አበጣሪ ክንዴ የሚባል፣ ከእሷ ጋር በአንድ ዘመን ሥራ የጀመረ፣ በዕድሜ የሚበልጣት ሰው ነበር።

«አያ ክንዴ፣ ስማችንን ላነሣ ነው የመጣሁት» አለችው።

«ስም አይነሣም፤ ይበቅላል እንጂ» አላት። «በቀን ስንት ልትልኪ ነው?»

«ሰባት።»

ክንዴ ሰሌዳውን ትቶ እሷን አየ። «የውሃ ቤት ሰባት? አንቺ ሴትዮ ታመሻል?»

«ሰባት ለሚጠይቁኝ ሰዎች፤ እዚሁ በር መጥተው ከእጅህ ይቀበሉታል። እነሱ ሲከፍቱልኝ በሚቀጥለው ሳምንት አሥር።»

«እንግዲያውስ መጀመሪያ ጉድባ ሠፈር ውረጂ» አላት። «አንድ ባልቴት አሉ፤ የእናንተን ደብዳቤ አሥራ አራት ጊዜ መልሰውልኛል። እሳቸውን ካላስታረቅሽ ሌላው ከንቱ ድካም ነው።»

ጉድባ ከወንዙ አፍ ላይ ያለ፣ ሸክላ ሠሪዎች የሚኖሩበት ዝቅተኛ ሠፈር ነው። ጭቃው ስለሚመቻቸው ነው እዚያ የሰፈሩት። ወይዘሮ ዳሳሽ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አትጠገብ ስትደርስ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው የአንድ ትልቅ ጋን አንገት በእርጥብ ቆዳ ያለሰልሱ ነበር።

«ከውሃ ቤት ነኝ፣ እማማ።»

«ባሌን ከሆነ የለም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናንተ ግን በየሳምንቱ ትጽፉለታላችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በመጣ ቁጥር ጎረቤት አስነብባለሁ። ጎረቤቴ ስሙን ጠርቶ ‹እንደምን አሉ› ሲል ሆዴ ይባባል። ከዚያ ስለ ዓሣ ነው የሚያወራው።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«እሱም በደብዳቤ ይመጣል ብዬ ነበር።»

አትጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ጋኑ አልቆ ጥላ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ እንዲህ አለቻቸው፦ «ከእንግዲህ በባልዎ ስም የሚመጣ የለም። በእርስዎ ስም ልጻፍ? ካልፈለጉ አይጻፍም።»

ወይዘሮ ዳሳሽ እጃቸውን ታጠቡ። «ውሃ ሲመጣ ብቻ ንገሩኝ። ሌላ ወሬ አልፈልግም። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

በዚህ ዓይነት ነው ስሙ የበቀለው። በቀን ሰባት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሃያ። ደብዳቤዎቹ አጫጭር ነበሩ፤ «ሐይቁ ዛሬ ግማሽ ነው፤ የሚያሰጋ ነገር የለም» ይላሉ፤ መጨረሻቸው ላይ ደግሞ «ይህ ደብዳቤ እንዲቆምልዎ ከፈለጉ ለአመላላሹ በቃል ይንገሩት፤ እንሰርዝዎታለን» ይላል። ይቅርብኝ ያለውን አትጠገብ በዚያው ቀን ትሰርዛለች። በዓመቱ በአራት በር ስማችን ግርድ ሆነ። በሁለተኛው ክረምት ውሃ ሲለቀቅ በስድስቱም በር ምርት ነበርን። ደብዳቤው በዚያው ቀን ታደለ፤ ሰዉ ዳገት ወጣ፤ ዶሮ እንኳ አልሞተም። ወይዘሮ ዳሳሽ ለአትጠገብ አንድ ትንሽ እንስራ ላኩላት። በዚያን ወቅት በሥራዬ ደስ ይለኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ሹም ልጥይበሉም ደስ አላቸው፤ የእሳቸው ደስታ ግን ሌላ ነበር። በተሾሙ በአሥረኛው ዓመት መባቻ አትጠገብን አስጠሯት። እኔም ለመጻፍ ከጎን ተቀምጫለሁ።

«ስማችን ምርት ነው አሉ» አሏት።

«ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ይህን የመሰለ ስም ይዘን ለምን ዝም እንላለን? የታጠበ ሸማ ለሣጥን አይደለም። የሹመቴን አሥረኛ ዓመት ሕዝቡ ሁሉ ይስማ። የድሮው አርባ ሺህ ይውጣ፤ ወር ሙሉ በየቀኑ ይጻፍ።»

አትጠገብም፣ «ጌታዬ፣ ይህ ስም የተጠራቀመው ለአንድ ቀን ነው» አለች። «ውሃ ለሚለቀቅበት ቀን። በሌላ ቀን ካወጣነው በዚያ ቀን አናገኘውም።»

«መልሰሽ ታነሺዋለሽ። ታውቂበት የለም?»

«ሁለት ዓመት ነው የፈጀብኝ። ክረምቱ ሦስት ወር ነው የቀረው።»

«እንግዲያውስ ፍጠኝ» አሏት።

አትጠገብ አላትምም አለች። ድምፅዋን ሳታነሣ ነው ያለችው። ሹሙም አልተቆጡም፤ ማኅተሙን ከእሷ ጠረጴዛ አንሥተው ወደ እኔ ጠረጴዛ አመጡትና ሂሳቡን ለእኔ ተዉት። የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝ ብዬ ላመካኝ እችል ነበር፤ ልጅ የለኝም። የቀይ ቀለሙ ሣጥን ቁልፍ ተሰበረ። እኔም ወር ሙሉ አተምኩ። በቀን አርባ ሺህ ደብዳቤ አራት ሰው አይጭነውምና፣ መንገድ ላይ የተገኘ ባለ በቅሎ ሁሉ ጫነው። ወይዘሮ ዳሳሽ ሠላሳ «አስቸኳይ» ደረሳቸው፤ አሥራ አምስቱ በሟች ባላቸው ስም ነበር። በሦስተኛው ቀን በትራቸውን ይዘው ወደ በሩ ወጡና ለክንዴ «አልፈለግሁም» አሉት። ከዚያ በኋላ የመጣውንም እየያዙ በየቀኑ ወጡ። ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከሸክላ ከተማ ብቻ ዘጠኝ ሺህ «አልፈለግሁም» ተመለሰ። ወሩ ሳይሞላ በስድስቱም በር ገለባ ሆንን።

ሦስት ወር ይቀረዋል የተባለው ክረምት በሁለት ወሩ ገባ። ዝናቡ ሳምንት ሳያባራ ዘነበ። አንድ ሰኞ ጠዋት የግንቡ ጠባቂ መጥቶ ውሃው ከምልክቱ በላይ አንድ ክንድ ማለፉን ተናገረ፤ እስከ ቅዳሜ ካልተለቀቀ ግንቡ አይችልም አለ። ሕጉ እንደሚያዝዘው በዚያው ቀን ደብዳቤው ተጻፈ። አትጠገብ ራሷ ነበረች ቃሉን የመረጠችው፦ «ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ይለቀቃል። ዳገት ውጡ።» «አስቸኳይ» የሚለው ቃል እንዳይገባ ከለከለችኝ፤ በዚያን ጊዜ አበጣሪዎቹ ያን ቃል ያዘለ ነገር ማኅተሙን ሳያዩ ይጥሉት ነበርና። ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ወደ ሹሙ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ጌታዬ፣ ደብዳቤው ጎተራ ነው የሚገባው። ፈረሰኞች እንላክና በቃል ይንገሩ።»

«ሕጉ በደብዳቤ ነው የሚለው። ደብዳቤ ልከናል።»

«አይደርስም።»

«ፈረሰኛ ከላክን እኮ ደብዳቤያችን እንደማይደርስ በራሳችን አፍ አመንን ማለት ነው» አሉ ሹም ልጥይበሉ። «እንዲህ ያለ ወሬ ከወጣ የቤቱ ስም ምን ይሆናል?»

አትጠገብ ወጣች። ስድስቱን ከተሞች ብቻዋን ልትደርስባቸው አትችልም። ከስድስቱ ሰው የሚበዛበትን መረጠችና በበቅሎዋ ወደ ሸክላ ከተማ ወረደች። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደረሰች። እዚያ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ በኋላም ከክንዴ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ደብዳቤዎቹ ረቡዕ ደርሰው እንደታሰሩ ጎተራ ውስጥ ነበሩ። ክንዴ ራሱ በር ላይ ቆሞ አሳያት።

«አያ ክንዴ፣ አውጣቸውና አድላቸው።»

«ገለባ ነው ስማችሁ።»

«ውስጡ ያለውን እኔ እነግርሃለሁ። ቅዳሜ ውሃ ይመጣል።»

«እኔ የውስጡን ማወቅ አይፈቀድልኝም» አለ ክንዴ፤ ፊቱ ግን ተለወጠ። «ባለቤቱ መጥቶ ይፈልግ። አንቺም እዚህ ተቀምጠሽ ስንት ሰው እንዲህ እያለ ለምኖሽ መልሰሻል። ልጄ ታሟል ያለሽ፣ አገር ሊጠፋ ነው ያለሽ አልነበረም? ግማሹ ቀጣፊ ነበር። ማንኛው ግማሽ እንደሆነ ለይተሽ ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ነበር አለችው። እንደ እውነቱ ከሆነ አታውቅም ነበር። ክንዴ የራሱን ቤተሰብ በዚያው ማታ ወደ ዳገት አወጣ፤ ደብዳቤዎቹን ግን አልነካም።

አርብ ገበያ ነበር። አትጠገብ በገበያው መሃል እየዞረች ተናገረች። «ከየት ነሽ?» ይሏታል፤ «ከውሃ ቤት» ስትል ይስቃሉ። አንድ ጨው ሻጭ፣ «ደብዳቤው አልበቃ ብሏቸው ዛሬ ደግሞ በእግር መጡ» አለ፤ ገበያው ሁሉ ሳቀ። እሷም ቀደም ሲል ቤታቸው ድረስ ሄዳ ያነጋገረቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ፈለገች። ከእነሱ ስልሳ ሦስት የጉድባ ሰው አመናትና ዕቃውን መሸከፍ ጀመረ። ከቀትር በኋላ ጉድባ ደረሰች።

ወይዘሮ ዳሳሽ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ሸክላ ሊተኩሱ እንጨትና ኩበት ይቆልሉ ነበር። የክረምቱ ሥራ ሁሉ፣ ጋኑም፣ ድስቱም፣ ምጣዱም እዚያ ተደርድሯል።

«እማማ፣ ነገ ጠዋት ውሃ ይለቀቃል። ዛሬውኑ ይውጡ።»

ባልቴቷ ድምፅዋን ለዩት። «አንቺ ነሽ? በዚህ ዓመት ‹አስቸኳይ› ስትሉኝ ሠላሳ አንደኛችሁ ነው።»

«እነዚያን እኔ አልላክሁም።»

«ማኅተሙ የማን ነው?»

«የቤቱ ነው።»

«አንቺስ የማን ነሽ?»

አትጠገብ፣ «የቤቱ» አለች።

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዳሳሽ፤ ቁጣ አልነበረበትም አነጋገራቸው። «አንቺን ብዬ ስሜን ሰጠሁ፤ ሟቹን እንደገና ቀሰቀሳችሁብኝ። አሁን ይህን ሁሉ ጭቃ ትቼ ዳገት ብወጣና ውሃው ባይመጣ ዓመቱን ምን እበላለሁ? ሂጂ ልጄ። ነገ እሳቱ ይውጣልኝና፣ እውነት ከሆነ እመጣለሁ።»

እጃቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። ጎረቤቶቻቸው ተቆጥተው አስለቀቋት።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ግንቡ ላይ ነበርኩ። መዝጊያው የተከፈተው በሰዓቱ ነው። ውሃው የሸክላ ከተማን ያገኘው ቀትር ላይ ነው ይላሉ። ላይኛው ሠፈር እስከ ጉልበት ገባበት። ጉድባ ግን በሙሉ ሄደ። ሁለት መቶ አርባ ሰው። ወይዘሮ ዳሳሽ አልተገኙም። በሌሎቹ አምስት ከተሞች የሞተውን ሰው ቁጥር አልጽፈውም፤ የተስማሙበት የለምና።

መርማሪዎች መጡ፤ ለአርባ ቀን መረመሩ። የውሃ ቤት ደብዳቤውን በሕጉ መሠረት ከአምስት ቀን በፊት መላኩ ተረጋገጠ። አበጣሪዎቹ ስሙ ገለባ የሆነን ደብዳቤ በሕጉ መሠረት ጎተራ ማስገባታቸው ተረጋገጠ። ጎተራው አለመቆለፉም ተረጋገጠ። ስለዚህ ጥፋተኛ አልተገኘም፤ መዝገቡ ተዘጋ።

ሹም ልጥይበሉ አዘኑ። ለሟች ቤተሰቦች ሁሉ የሐዘን ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዙ፤ ዝርዝሩ ያው የድሮው ስለነበር ለሟቾቹም ጻፍን። እኔ ይህ የበለጠ ይጥለናል ብዬ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በከተሞቹ ሕግ ሞትን የሚያስመዘግበው ወራሽ ነው። የጉድባ ወራሾች አብረው ሄደዋል። ስለዚህ ሁለት መቶ አርባዎቹ በመዝገቡ ላይ በሕይወት ነበሩ፤ ለእነሱ የሄደውም እንደደረሰ ተቆጠረ። ደግሞ በየቀኑ በትር ይዘው ወደ በሩ ይወጡ የነበሩት አብዛኞቹ የጉድባ ሰዎች ነበሩ። አሁን የሚወጣ የለም። ከሌሎቹ ከተሞችም ዝቅተኛ ሠፈሮች እንዲሁ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ አንድም «አልፈለግሁም» አልመጣም። በሦስተኛው ወር ስማችን ግርድ ሆነ። በስድስተኛው ወር በስድስቱም በር ምርት ተባልን። የበሮች ጉባኤ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከገለባ ወደ ምርት የወጣ ቤት ከዚህ በፊት እንዳልነበረ ገልጾ ለሹም ልጥይበሉ ምስጋና ጻፈ። አስነበቡኝ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

አትጠገብ በዚያን ዕለት መቃ ብዕሯን አጥባ አስቀመጠችና ከቤቱ ወጣች። ቀጥታ የሄደችው ወደ ክንዴ ነው።

«ስማችንን አውርደው» አለችው።

ክንዴ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጸጉሩ ነጥቷል። «ስም ለማንሣት የሚመጣ አለ» አላት። «ለማውረድ የሚመጣ አይቼ አላውቅም፤ መንገዱም የለም። የሚያወርደው ‹አልፈለግሁም› ነው።»

«እንግዲያውስ አልፈለግሁም። በሁለት መቶ አርባው ስም አልፈለግሁም።»

«ባለቤቱ ነው ማለት ያለበት። አንቺ እዚህ አትኖሪም።»

አትጠገብ፣ «ጉድባ የሚኖር ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም።»

«ቤት መሥራትስ ይከለከላል?»

አይከለከልም ነበር። አሁን እዚያ ትኖራለች፤ ወንዙ በተወው ጭቃ ላይ፣ ብቻዋን፣ ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራች አንድ ጎጆ። የተረፉት ስልሳ ሦስቱ ዳገቱ ላይ ነው የሰፈሩት፤ ወደ ታች አይወርዱም። ክንዴ እንደ ነዋሪ መዝግቧታል። ሹም ልጥይበሉ በየከተማው የሚመዘገበው ሰው ሁሉ ወደ ዝርዝራችን እንዲገባ አዝዘዋልና የእሷም ስም ገባ። ሰኞ ሰኞ አንድ ደብዳቤ እንልክላታለን። ረቡዕ ይደርሳታል። ሐሙስ ጠዋት ዳገቱን ወጥታ ለክንዴ ትሰጠዋለች፤ «አልፈለግሁም» ትላለች። ክንዴም ይመዘግባል። ይኸው አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። የመለሰችው እኔ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል፤ ሳይከፈት።

ባለፈው ወር ሹም ልጥይበሉ የተመለሱትን ደብዳቤዎች ክምር አይተው የማን እንደሆኑ ጠየቁኝ።

«የአንድ ሰው ናቸው፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

«ብዙ ሰው መስሎኝ ደንግጬ።»

«አንድ ሰው ናት። ከጉድባ። ትሰረዝ እንዴ?»

«ተዋት። ከአርባ ሺህ አንድ ሰው ምንም አያመጣም» አሉኝ። «ጻፍላት።»

ጻፍኩላት።